«መልስ በይው» ያሉት ሴት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። ለእህቴ አልነገርኩም። ቄሳችን በሱቄ በር ሲያልፉ ሰላም ካሉኝ እንኳ ዓይናቸውን ላለማየት ልብስ የማጣጥፍ እመስላለሁ። አሁን ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው፤ ይህም ቢሆን ድፍረት አይደለም።

ያደረግሁት ይህ ነው። ያልሰረቁ ሴት ሌባ ናቸው አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አልገፋፋኝም፣ ማንም ሹክ አላለኝም። አለመስረቃቸውን ካወቅሁ በኋላም ዝም ያልኩት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ሦስተኛ ነገር አድርጌያለሁ፤ እሱን ግን ገና ከመነሻው ለመናገር አፌ አልታዘዝ ስላለኝ፣ ነገሩን እንደ አመጣጡ ልንገራችሁ።

ስሜ ዝናሽ ነው። እስራኤል ሀገር፣ አፉላ ከተማ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ፣ የሀገር ልብስ የማሰፋበትና የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አማርኛ ማንበብና መጻፍ ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እኩዮቼ ፊደሉን ሲረሱት እኔ አልረሳሁም፣ በዚህም ዘወትር እመጻደቃለሁ። ጠባዬን ደግሞ አስቀድሜ ልናገር፤ ተጠራጣሪ ነኝ። በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ እገፋዋለሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ ምን ፈልጎ ይሆን እላለሁ። ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ካየሁ የሚያሙት እኔን ነው። ባሌ «አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ አሳይ ትይዋለሽ» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ግን ጥንቃቄ ነው የምለው። ስንት ዓመት ሙሉ ጥርጣሬዬን ጥንቃቄ እያልኩ ስጠራው ኖርኩ!

ሱቄ የሚኖረው በመልስ ነው። እዚህ ሀገር ሠርጉ በአዳራሽ፣ በነጭ ቬሎ ይሆናል፤ ሙሽሮቹ የሀገር ልብስና ካባ የሚለብሱት በመልሱ ዕለት ነው። ስለዚህ ደንበኛ ሁሉ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ለመልስ ነው» ይላል። ልብሱን የሚለኩት፣ የሚቆርጡት፣ ጥለቱን የሚያሳምሩት እትዬ ትርንጎ ነበሩ። ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ የሚሸፍኑ ሴት ናቸው። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ጎንደር ላይ ስንት ዓመት ተራ ጠብቀው፣ ከእኛ በጣም ዘግይተው ነው የመጡት። ማንበብ አይችሉም። የደንበኛውን ሁሉ ትከሻና ወገብ ግን በጭንቅላታቸው ይይዙታል። ከእኔ ጋር በሠሩባቸው ሰባት ዓመታት፣ ደንበኞች በስልክ የሚልኩትን የድምፅ መልእክት ሰምተው በድምፅ የሚመልሱትም እሳቸው ነበሩ። ሙሽራ ለመለካት በየሰው ቤት ይገባሉ፤ የሙሽራዋ ወርቅ አልጋ ላይ ተዘርግቶ እሳቸው ብቻቸውን ክፍሉ ውስጥ ይቀራሉ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ያለው ሀብት ስሙ ነው። የእትዬ ትርንጎ ስም ደግሞ ከአፉላ አልፎ ሐዴራና ነታንያ ድረስ ንጹሕ ነበር።

የሠርግ ወቅት ሲደርስ የድምፅ መልእክቱ ይከመራል። እትዬ ትርንጎ መቀሱን ሲያነሱ ስልኩ ይጮሃል፣ ስልኩን ሲያነሱ መቀሱ ይቆማል። ያኔ ነው ስለ አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት የሰማሁት። በአማርኛ የተላከ ድምፅ ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ዋጋ ይናገራል፣ ቀብድ የሚከፈልበትን ሊንክ ይልካል ተባልኩ። ሊአት የምትባል ፕሮግራመር ሃይፋ እንዳለች ነገሩኝና በባቡር ሄጄ አነጋገርኳት።

ሊአት ጥንቁቅ ሴት ናት። በኢንተርኔት የምናስከፍልበት ድርጅት ለሱቁ ስለሚሰጠው ሚስጥራዊ ቁልፍ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳችኝ። ቁልፍ ይባል እንጂ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ሁለት ዓይነት አለ አለችኝ። አንደኛው ሁሉን ይከፍታል፤ ያስከፍላል፣ የተከፈለውን ወደ ከፋዩ ይመልሳል፣ የደንበኞችን ዝርዝር ያያል። ሁለተኛው ጠባብ ነው፤ የመክፈያ ሊንክ ከማዘጋጀት ሌላ አንድም ነገር አይችልም። ለረዳቱ የሚሰጠው ይህ ጠባቡ ነው። ገንዘብ መመለስ ካስፈለገ ረዳቱ አንቺን ይጠይቅሽ፣ አንቺ አይተሽ ፍቀጂ አለችኝ። ቁልፉንም ረዳቱ በሚያነበው መመሪያ ውስጥ እንዳትጽፊው፤ ለብቻው ተቆልፎ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። የሚሠራውን ሁሉ ስለሚመዘግብ መዝገቡን በየሳምንቱ አንብቢ። ይህን ሁሉ በዕብራይስጥ ነገረችኝ፤ እኔም «በሴደር፣ በሴደር» እያልኩ፣ እሺ እሺ ማለቴ ነው፣ ራሴን ነቀነቅሁ።

በማግስቱ ሱቅ ቁጭ ብዬ ጠባቡን ቁልፍ ሞከርኩት። አልተፈቀደም የሚል ጽሑፍ መጣ። አንድ ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ረስቼ ኖሯል፤ ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው። ደግሜ ሞከርኩ፣ ሠልሼ ሞከርኩ። ለሊአት ልደውል አስቤ አፈርኩ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስረዳችኝን አልገባኝም ነበር ብዬ እንዴት ልደውል? ስለዚህ ሁሉን የሚከፍተውን ቁልፍ ገልብጬ እዚያው መመሪያው ውስጥ ለጠፍኩት። ወዲያው ሠራ። እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። የሰባት ዓመት ሠራተኛዬ ወደ ቤት ሲሄዱ ቦርሳቸውን በዓይኔ የምፈትሽ ሴት፣ መልኩን አይቼው ለማላውቀው ነገር የሱቄን በር ሁሉ ከፈትኩለት። ሰው ስላልሆነ አመንኩት።

መመሪያውን ራሱ ሊአት በዕብራይስጥ ጽፋልኝ ነበር። አጠፋሁትና እንደ አዲስ በአማርኛ ጻፍኩት። በንጹሕ አማርኛ፣ አንድም የዕብራይስጥ ቃል ሳልቀላቅል። የደንበኛ ገንዘብ ሲመለስ እኛ ሰፈር «ዚኩይ» ነው የሚባለው፤ ማንም በአማርኛ አይጠራውም። እኔም ስለ ዚኩይ ጨርሶ አላሰብኩም። ያሰብኩት ሰው በጥያቄ እንዳይንገላታ ነውና እንዲህ የሚል መስመር አስገባሁ፦ «መልስ የሚፈልግ ደንበኛ አይጉላላ፤ እኔን ሳትጠይቅ ወዲያውኑ መልስለት።» ጠያቂ ሳይቆይ ምላሽ ያግኝ ማለቴ ነበር። ጽፌ ስጨርስ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አባቴ ቢሰማው ደስ ይለው ነበር ብዬም አሰብኩ።

እትዬ ትርንጎ ረዳቱን አልወደዱትም። «ልጄ፣ ዓይን የሌለው ነገር ሙሽራ ምን እንደሚያምርባት እንዴት አድርጎ ያውቃል?» ይሉና ይስቃሉ። ሳቁ ለእኔ ሳቅ አልመሰለኝም። ሥራቸውን ስለቀማቸው ነው፣ አንድ ቀን ያበላሹታል አልኩ በሆዴ። ልብ በሉ፤ ያኔ ገና ምንም ነገር አልጎደለም ነበር።

አምስት ሳምንት ያህል ቆይቼ የመክፈያውን ገጽ ስከፍት ቀብዳቸው የተመለሰላቸው ደንበኞች አየሁ። ሰባት ናቸው። እኔ አልመለስኩም። ማን መለሰው ብዬ ስፈልግ «በሱቁ ቁልፍ» ይላል እንጂ የሰው ስም የለበትም። በሱቁ ቁልፍ! ወደዚያ ገጽ መግባት የሚቻለው ደግሞ በሱቁ ስልክ ነው፤ ስልኩ የሚውለው እትዬ ትርንጎ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለ ረዳቱ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። ለሊአት ብደውል በአምስት ደቂቃ ትነግረኝ ነበር፤ አልደወልኩም። መዝገቡን ብከፍት ተጽፎ ነበር፤ አልከፈትኩም። ሰው መጠርጠር ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ትርንጎ የሚያደርጉት ሁሉ ሌላ ትርጉም ያዘብኝ። ለምንድን ነው የራሳቸውን ስልክ ይዘው ወደ ጓሮ የሚወጡት? ለምንድን ነው እኔ ስደርስ ድምፁን የሚቀንሱት? ያ አዲስ ጫማ ከየት መጣ? ምሳ ላይ ዝም ሲሉ ምን እያሰቡ ነው? ሲያወሩስ ምን ለመሸፈን ነው? አንድ ቀን የሱቁን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ነጭ ክር አጋድሜበት ወጣሁ። ስመለስ ክሩ ወድቋል። ይኸው፣ ነክተውታል አልኩ። ስልኩን መንካት ሥራቸው መሆኑን ረስቼው ነበር።

ከሁሉ የማፍርበትንም ልናገር፤ ኑዛዜ ከሆነ ይሁን። እኔ በልጅነቴ የመጣሁ፣ እሳቸው ከስንት ዓመት በኋላ የመጡ መሆናቸውን በልቤ ከማስረጃ ቆጠርኩት። ከእኛ ሰዎች መሃል ዘግይተው ስለመጡት ዘመዶቻችን ክፉ የሚያወሩ አሉ። እኔ ሁልጊዜ የምቃወም፣ ሁሉም አንድ ነው የምል ሴት ነበርኩ። ሰባት መስመር ስክሪን ላይ ሳይ ግን ያ የተቃወምኩት ወሬ ሁሉ በራሴ ድምፅ ሆዴ ውስጥ ሲናገር ሰማሁት። «እነዚህ እኮ...» ይል ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አልጨርሰውም፤ ያኔ ግን ጨርሼዋለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ካባ ስሰቅል እትዬ ትርንጎ በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። የሚያወሩት ሐዴራ ከምትኖር ከባላቸው የእህት ልጅ ጋር ነበር፤ እሷም የእኛ ደንበኛ ናት፣ ቀብድ ከፍላለች። «ነገር አታብዢበት፣ ግራ ይገባዋል» አሏት። «መልስ በይው። ‹መልስ› ካልሽው ይገባዋል።»

ጆሮዬ ቆመ። ለዘመዳቸው ዘዴ እያሳዩ ነው፣ ለማስመሰል ረዳቱን ገንዘቤን መልስ በይው፣ እኔ በሱቁ ስልክ እመልስልሻለሁ እያሉ ነው አልኩ። ከሰዓት በኋላ የመክፈያውን ገጽ ከፈትኩ። ስምንተኛው ዚኩይ ገብቷል። የሐዴራዋ ልጅ ስም ነው። ከዚህ በላይ እጅ ከፍንጅ መያዝ አለ?

በማግስቱ ጠዋት ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተቀበልኳቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንቱ ብዬ የጠራኋቸውን ሴት ያን ቀን አንቺ አልኳቸው።

«ትናንት ለዘመድሽ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

ዓይናቸው ፈጠጠ። ያስደነገጣቸው ጥያቄው ሳይሆን «አንቺ» ማለቴ ይመስለኛል።

«መልስ በይው አልኳት» አሉ።

«ብለሻል?»

«አዎ ብያለሁ። ምን አጠፋሁ ልጄ?»

አመኑ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል አልኩ። ማንበብ ለማይችሉ ሴት ስምንት መስመር ጽሑፍ አፍንጫቸው ሥር ደቀንኩ። ሌባ አልኩ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሌባ፣ ሌባ አልኩ። እሳቸው አልጮሁም። «በእግዚአብሔር ስም፣ እኔ የሰው ነገር አልነካም» አሉ፣ ደገሙት። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወለቁ። መቀሱን፣ ሜትሩን፣ የሱቁን ስልክ ጎን ለጎን አስቀመጡና ወጡ። በር ላይ ደርሰው ዞር ብለው ያዩኝ መሰለኝ። እኔ ግን የሱቁን ስልክ እየቆለፍኩ ነበር።

ፖሊስ አልጠራሁም። ይህንንም ደግነት ብዬ ቆጥሬው ነበር። የነገርኩት ለሁለት ሴቶች ብቻ ነው፤ «በእናንተ ይቅር» ብዬ። ሌሎች «እትዬ ትርንጎ የት ሄዱ?» ሲሉኝ ደግሞ ትከሻዬን ነቅንቄ «ተዉት፣ እንኳን ተገላገልኩ» እል ነበር። አላወራሁም ማለት ነው? አውርቻለሁ። እንዲህ ያለ ወሬ ለመንዛት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ወር ሳይሞላ ሙሽራ ለመለካት ወደ ቤቱ የሚጠራቸው ሰው ጠፋ። አንዲት ሴት፣ እናቷ ሦስት ጊዜ በእሳቸው ልብስ ያሰፋች ሴት፣ እትዬ ትርንጎ በሯ ላይ ቆመው ሳለ ወርቋን ስትሰበስብ አይተዋት ተመለሱ አሉ። ይህን የሰማሁት ሱቄ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ሰምቼም «ይበላቸው» አልኩ።

እሳቸው ከወጡ በሦስተኛው ሳምንት ከነታንያ አንዲት እናት ደወሉ። ተቆጥተዋል። «ቀብዳችንን ለምን መለሳችሁብን? ልጄ ልብሳችሁን ለመልበስ አትመጥንም?» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ገጹን ከፈትኩ። እውነትም ዘጠነኛ ዚኩይ አለ፤ የተመለሰው ትናንት ነው። ስልኩ ከእኔ ቦርሳ ወጥቶ አያውቅም። የይለፍ ቃሉን ቀይሬዋለሁ። እትዬ ትርንጎ የሉም። ታዲያ ማን ነው?

ያኔ ነው ሊአት በየሳምንቱ አንብቢው ያለችኝን መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትኩት። በአማርኛ ነው የተጻፈው፤ በአማርኛ እንዲሆን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ይላል፦ «ደንበኛዋ ልብሱን ለመልስ እንደሚፈልጉት ገልጸዋል። በመመሪያው መሠረት ሳይጉላሉ የከፈሉት ወዲያውኑ ተመልሶላቸዋል።» ቀጣዩን አነበብኩ፤ ያው ነው። ከዚያ በፊት የነበረውንም አነበብኩ፤ ያው ነው። ቀብድ ከፍሎ «ለመልስ ነው» ያለ ሰው ሁሉ ቀብዱ ተመልሶለታል። የሐዴራዋ ልጅ ላይ ስደርስ አንዲት አጭር መስመር አገኘሁ፦ «ደንበኛዋ ‹መልስ› ብለዋል።» አክስቷ ነገር አታብዢ ስላሏት አንዲት ቃል ብቻ ነበር የላከችው። ልብሱ ለምን እንደሆነ ረዳቱ ሲጠይቃት ነው እንጂ ገንዘቧን ጠይቃ አይደለም።

ሳነበው ቆሌዬ ተገፈፈ። የእኔን መስመር፣ ያን ጮክ ብዬ ያነበብኩትን መስመር ደግሜ አየሁት። «መልስ የሚፈልግ ደንበኛ አይጉላላ።» እኔ ምላሽ ማለቴ ነበር። ደንበኞቹ ድግሱን ማለታቸው ነበር። ማሽኑ ደግሞ ገንዘብ መመለስ መስሎት መለሰ፤ ያን እንዳያደርግ የሚከለክለውን ጠባብ ቁልፍ ትቼ ሰፊውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱስ ይሁን። አማርኛን የተማረው ከጽሑፍ ነው፤ በሰው መልስ ላይ እልል ብሎ አያውቅም። እኔስ? በመልስ የምኖር ሴት፣ ስንቱን ሙሽራ ለመልሱ ያለበስኩ ሴት፣ እትዬ ትርንጎ «መልስ በይው» ሲሉ የሰማሁት ማሽኑ የሰማውን ነው። ከልጅነቴ የምሰማውን ቃል ጥርጣሬ አስረሳኝ። እሳቸው «አዎ ብያለሁ» ሲሉኝ እውነታቸውን ነበር፤ ያመኑት የምረዳቸው መስሏቸው ነው።

ለሊአት ደወልኩ። ሰፊውን ቁልፍ በዚያው ቅጽበት ሰረዘችው። ጠባቡን አስገባች፣ የረሳሁትን ሳጥን አገኘችው፣ ገንዘብ ከመመለሱ በፊት እኔ የምፈቅድበትን መንገድ አበጀች። «የተጎዳ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም» አልኳት። እንዲህ ብዬ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸሁ። ቀብዳቸው የተመለሰላቸውም ደንበኞች ልብሳቸውን ሲወስዱ ሙሉውን ከፈሉ፤ አንዳንዶቹ ዚኩዩን ጨርሶ አላዩትም ነበር። ከሱቁ የጠፋ አንድም ነገር አልነበረም። የጠፋው የእትዬ ትርንጎ ስም ነው።

ለምን ያን ዕለት አልሄድኩም? ቤታቸው ከእኔ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ሁለታችንም ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ነው የምንኖረው። በመጀመሪያው ሳምንት የሠርግ ወቅት ነው፣ ሥራ በዛብኝ አልኩ። በሁለተኛው፣ አሁን ብነግራቸው ያምማቸዋል አልኩ። በሦስተኛው፣ ምናልባት ረስተውት ይሆናል አልኩ። ሰው ሌባ መባሉን ይረሳል? ባሌ ምን ይለኛል፣ እነዚያ ሁለት ሴቶች ምን ይሉኛል፣ ደንበኛ ምን ይለኛል ስል እሳቸው ምን እየሆኑ እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ አትክልት በሚታሸግበት ፋብሪካ ተቀጥረው በፈረቃ እንደሚሠሩ ሰማሁ። ጠዋት መኪናዬን ይዤ ስወርድ አንዳንዴ ፌርማታው ላይ አያቸዋለሁ። እነዚያ ጥለት ሲያቀኑ ክሩን የሚያውቁት ጣቶች በብርድ ካሮት ሲለቅሙ ይውላሉ። እኔ መንገድ ቀየርኩ፤ በላይኛው በኩል መውረድ ጀመርኩ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ደርሻለሁ።

ባለፈው ዓመት የአስተሰርዮ ዋዜማ ነው፤ ልጆቻችን ዮም ኪፑር የሚሉት ጾም። ሰው ጾሙ ሳይገባ ያስቀየመውን ፈልጎ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቀን ነው። ቀትር ላይ ሱቅ ልዘጋ ስል በሩ ተከፈተ። እትዬ ትርንጎ ናቸው፤ የፋብሪካውን ልብስ እንደለበሱ ነው። ከሥተዋል። ሊሰድቡኝ መጡ አልኩ በልቤ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንኳ የጠረጠርኩት ክፉውን ነው።

«ልጄ፣ ጾሙ ሳይገባ ልይሽ ብዬ ነው» አሉ። እንዲቀመጡ ነገርኳቸው፣ አልተቀመጡም። «ብዙ አሰብኩበት። ሌባ አይደለሁም። ግን እኔ ፊደል አላውቅ፣ ስልኩ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ የሚሆነውን አላውቅ። ምናልባት ጣቴ ነክቶት ይሆናል። ሳላውቅ አጥፍቼ አክስሬሽ ይሆናል። ደሞም ወንዱ ልጄ ጻቫ ሳለ ከሠራዊቱ የሚልክልኝን ድምፅ ጓሮ እየወጣሁ እሰማ ነበር፤ ድምፁን ካልሰማሁ እጄ አይሠራልኝም ነበር። የሥራ ሰዓትሽን ነው የሰረቅሁት። በዚህም በዚያም ይቅር በይኝ።»

ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። የሚያስፈልገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ ማለት። አፌ ውስጥ ነበር። እሳቸው ጎንበስ ብለው ሲጠብቁኝ ምን አልኩ መሰላችሁ?

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እትዬ።»

እንዲህ ነው ያልኩት። ይቅር አልኳቸው። እኔ፣ እሳቸውን ይቅር አልኳቸው! አፌን ሞልቼ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ እንደ ደግ ሰው። ትከሻዬን ሳሙኝ፣ መረቁኝ፣ ቀለል ብሏቸው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ መንገዱን ሲሻገሩ አረማመዳቸው ተለውጦ ነበር። በዚያን ዕለት ምሽት ጾም ገባሁ፣ በማግስቱም ምኩራብ ቆሜ ከሰው ጋር ደረቴን መታሁ።

በምንም አላሳብብም። ቃሉ ብዙ ትርጉም ስላለው ነው አልልም፤ ከሺህ ጊዜ በላይ የሰማሁት ቃል ነው። ማሽኑ ነው አልልም፤ እሱ ያልኩትን ሠራ፣ የሠራውንም ሳይደብቅ መዘገበ። እኔ ግን አልመዘገብኩም። ተጠራጣሪ ሆኜ ስለተፈጠርኩ ነው አልልም፤ ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ራሴን አንድ ቀን አልጠረጠርኩም። ይቅር በሉኝ ብዬም እናንተን አልለምንም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የእሳቸው ነው፣ ብነግራቸውም እንደማይከለክሉኝ አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ እግሬን ያሰረው ይህን ማወቄ ነው።

ነገ እሄዳለሁ ብዬ አልምልላችሁም፤ ስንት ነገ አልፎኛል። ስለዚህ ስማቸውን ሳልቀይር ጻፍኩት፣ የእኔንም አልቀየርኩም። እትዬ ትርንጎ አልሰረቁም። እትዬ ትርንጎ አላጠፉም። ከእናንተ መሃል አፉላ የሚኖር፣ ፌርማታው ላይ ከእኔ ቀድሞ የሚያገኛቸው ሰው ካለ እኔን አይጠብቅ። ዝናሽ ራሷ አምናለች ብሎ ይንገራቸው፤ ጣትዎ ምንም አልነካም ይበላቸው።